የግራዝማች ድረስ ልጅ ጺም

ሰው ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲልክ የሚልከው ልጁን ብቻ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። የሚልከው ጉዳዩን ነው። ወገቡን የሚያመው አባት ልጁ ሐኪም ሆኖ እንዲመለስለት ይመኛል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚዘጋበት ደግሞ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ያምረዋል። ሙግት ያለበትማ (በእኛ አገር ሙግት የሌለበት ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝና ሄጄ ልሳለመው) ልጁን ከነክሱ ነው ማኪና ላይ የሚያሳፍረው።

የእኔም አባት እንዲሁ ነበሩ። እኛ የመካነ ብርሃን ሰዎች ነን፤ ብርዱም፣ ገደሉም፣ ሙግቱም ከፍ ያለበት አገር ነው። አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በአንዲት ድንበር የተነሣ መካሰስ የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ድንበሯ ላይ ያለው እንግዲህ አንድ የኮሶ ዛፍና ድንጋይ ብቻ ነው። ሁለቱም ለድንጋዩ ደንታ የላቸውም፤ ነገሩ የመርታት ነው። ዩኒቨርሲቲ መግባቴ የተሰማ ዕለት አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው የጎረቤታችንን ቤት አሻግረው እያዩ፣ «በል እንግዲህ!» አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት።

እኔ ግን አዲስ አበባ ደርሼ የመረጥሁት ሕግን ሳይሆን ቴአትርና ድርሰትን ነበር። ለምን አትበሉኝ። ሰው ለምን ወደድህ ተብሎ ይጠየቃል? ክረምት አገሬ ስገባ ታዲያ ነገሩን ለአጎቴ ለአያ ሞላ ማስረዳት ነበረብኝ፤ እሱ አምኖ ለአባቴ ካልነገረልኝ ቤት መግባት የለም። ድርሰት ነው የምማረው አልሁት። «ድርሰትማ አልቆ የለም እንዴ? የቀደሙት አባቶች ጽፈው ጽፈው ቤተ ክርስቲያኑን ሞልተውት!» አለኝ። ቴአትርም አለበት፤ ቴአትር ማለት ሌላ ሰው ሆኖ መታየት ነው አልሁት። አያ ሞላ ጥቂት አሰበና፣ «ምነው ልጄ፣ መጀመሪያ ራስህን ሆነህ ብትታየን ምን ነበረበት?» ብሎኝ በሬዎቹን ሊፈታ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ትምህርቱም ቢሆን ለማስረዳት የሚመች አልነበረም። መምህራችን ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ግን ልበ ቀና ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ወለል ላይ አስተኝተው መተንፈስ ያስተምሩናል። የመካነ ብርሃንን ዳገት ስወጣና ስወርድ ያደግሁት ሰውዬ መተንፈስ አታውቅም ተብዬ ዝቅተኛ ነጥብ አገኘሁ! ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዛፍ ሁኑ፣ ነፋስ ሁኑ፣ የከፋው በሬ ሁኑ እንባላለን። በሬውን እንኳ ጥሩ አድርጌዋለሁ።

በመካከላችን ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ውባለም ድረስ ትባላለች፤ ጎንደሬ ናት። ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም የምሄደውም ስለ እርሷ ላወጋችሁ ነው። አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ነበረች። ግን ሰው ትሰማለች። እኛ ሰው ሲናገር ተራችን እስኪደርስ ነው የምንጠብቀው፤ እሷ ትሰማለች። የበሩን ዘበኛ፣ የምግብ ቤቱን አሳላፊ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ቁጡ ሴትዮ አንዴ ከሰማቻቸው በቃ፣ ሳላቸው እንኳ ሳይቀር ይዛቸው ትመጣለች። አንድ ቀን መምህራችን ዘገዩና እሷ እሳቸውን ሆና ክፍል ገባች። መነጽራቸውን ሳታደርግ መነጽራቸው ፊቷ ላይ ታየን። መምህራችን ለካ ደርሰው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ይቆጡናል ብለን ስንጠብቅ፣ «እንግዲያው እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ልመለስ» ብለው እውነትም ሄዱ። እስከ ዛሬ ድረስ ከሰማኋቸው ምስጋናዎች ሁሉ ትልቁ ያ ነው።

አባቷ ግራዝማች ድረስ የታወቁ አጥቢያ ዳኛ ናቸው። ትውልዳቸው ትክል ድንጋይ፣ መኖሪያቸው ጎንደር ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን እስከ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የሚያስመሰግን ሥራ ነበር፤ ግራዝማችም ምስጋናውን ሳይግደረደሩ ይቀበሉ ነበር። ምን እንደምትማር በጠየቋት ጊዜ ውባለም አልዋሸችም፤ እኔ ለአያ ሞላ የነገርሁትን ያህል እሷም ነገረቻቸው። ግራዝማች ደግሞ እንደ አያ ሞላ በሬ ሊፈቱ አልሄዱም። ዳኛ ናቸውና ፈረዱ። «ድርሰቱን ተማሪ» አሏት። «ቴአትሩንም እወቂው። ነገር ግን ማወቅና ማድረግ ልዩ ልዩ ነው። ሌባ እንዴት እንደሚሰርቅ እኔም አውቃለሁ። የግራዝማች ድረስ ሴት ልጅ ጎንደር ላይ መድረክ ወጣች ሲባል የሰማሁ ዕለት፣ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል፣ ሠርጉም ይደገሳል።»

ሠርጉ ማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም። ደባርቅ ላይ አንድ የባላባት ልጅ ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነበር።

እንግዲህ በዚያው ዓመት እኔ ቴአትር ጻፍሁ። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ርስት ተካሰው ዳኛ ፊት ይቆማሉ። እኅታቸው ጥግ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ዳኛው ይፈርዳል። አለቀ። ታሪኩ ከአባቴ ደጃፍ የተወሰደ ነው፤ ቋንቋው ግን ከሰማይ የወረደ ይመስለኝ ነበር። የዳኛው ንግግር ግማሹ ግእዝ ነው፤ ከግእዙ ደግሞ ግማሹ ስሕተት ነው። ዳኛው ገብቶ ገና አፉን ሲከፍት፣ «እነሆ የፍትሕ ፀሐይ በጽርሐ አርያም ተገልጣ የዐመፃን ጽልመት ስትገሥጽ…» ብሎ ይጀምርና ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ አረፍተ ነገሩ አያልቅም። ሌሊት ሌሊት ራሴ እያነበብሁት ራሴ አለቅስ ነበር።

ውባለም አነበበችው። መለሰችልኝና፣ «ይህ ሰውዬ ውሃ ሲጠማው ሚስቱን ምን ብሎ ነው የሚጠይቃት?» አለችኝ።

በቴአትር ውስጥ ዳኛ ውሃ አይጠማውም አልኋት።

«እንግዲያው ሐውልት ነው» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «እኅትየዋስ? አንድ ቃል የላትም እኮ» አለችኝ። ታለቅሳለች አይደል እንዴ፣ ሌላ ምን ቃል ያስፈልጋታል አልኋት። ምቀኝነት ነው ብዬ አለፍሁት። ደራሲ የሆነ ሰው ምቀኛ አያጣም፤ ምቀኛ ያጣ እንደሆነም ከጓደኞቹ መካከል ይመርጣል።

መምህራችን ግን ቴአትሩን ወደዱት፤ ወይም ሌላ የጻፈ አልነበረም። በትምህርት ዕረፍት ይዘነው ጎንደር እንድንሄድ ተወሰነ። ዳኛውን የሚጫወተው ከተማ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ፣ ድምፁ ከመሬት ሥር የሚወጣ። እኅትየዋን ይልማ የሚባል ጓደኛችን ቀሚስ ለብሶ ነጠላ ተከናንቦ ይጫወታታል። ታዘባችሁ? ሴት እያለችን ወንዱን ቀሚስ አለበስነው፤ ሴቲቱን መጋረጃ ኋላ አስቀመጥናት፤ ተጫዋቾቹ ቃል ሲጠፋባቸው እያንሾካሾከች እንድታስታውስ። የግራዝማች ፍርድ ነዋ! ይግባኝ የሌለው።

ጎንደር ስንደርስ ከጣሊያን የተረፈ አንድ አዳራሽ ተሰጠን። እሑድ ከሰዓት በኋላ እናሳያለን ተብሎ ለከተማው ሽማግሌዎች ጥሪ ተደረገ። ግራዝማች ድረስ ጥሪው ሳይደርሳቸው ነው እሺ ያሉት። ከፊት ረድፍ፣ መካከል ላይ፣ መድረኩ በደንብ የሚታይበት ቦታ እንዲያዝላቸው አዘዙ። ሊያዩ ሳይሆን ሊጠብቁ እንደሚመጡ ሁላችንም ገብቶናል።

እሑድ ጠዋት ከተማ ተነሥቶ ግንቡን ላየው እሄዳለሁ አለ። ሂድ አልነው። ማን ይጠረጥራል? ለካ ግንቡን ባየ ጊዜ ደሙ ፈልቶ፣ ነገሥታት በኖሩበት ግቢ ቆሜ ካልተለማመድሁ ብሎ ኖሯል። የጻፍሁለትን ንግግር ለግንቡ ለቀቀበት። ግንብ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ የሰጡትን ድምፅ አሳምሮ ይመልሳል። ከተማ የራሱን ድምፅ ሊበልጥ ከራሱ ጋር ተፎካከረ። ከግንብ ጋር ተፎካክሮ የረታ ማን አለ? ለምሳ ሲመለስ አፉን ቢከፍት የወጣው የሰው ድምፅ አይደለም፤ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነው። ማር በትኩስ ውሃ ሰጠነው፤ ዝንጅብል አስጎረስነው፤ ጤና አዳም አስሸተትነው። ጨርሶ ተዘጋ። የፍትሕ ፀሐይ በጠራራው ጠለቀች።

ሕዝቡ መግባት ጀምሯል። መምህራችን ፊታቸው አመድ መስሎ የዳኛውን ቃል በቃሉ የሚያውቅ ማን አለ አሉ። እኔ አልሁ። የጻፍሁት እኔ፣ ያለቀስሁበት እኔ፣ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቀው? ካባውን ደረቡልኝ፤ ጭራውን አስያዙኝ፤ ጺሙን (ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ነው፣ በክር ከጆሮ ይንጠለጠላል) አጠለቁልኝ። ቆሜ ጀመርሁ። «እነሆ» ብዬ ገና ሳልጨርስ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ። መምህራችን አዝነው አዩኝና፣ «ልጄ፣ አንተ ተከሳሹን ነው የምትመስለው» አሉኝ።

ይህን ጊዜ ነው ውባለም፣ «እኔ እወጣለሁ» ያለች።

ከመጋረጃው ማዶ የሽማግሌዎቹ ሳል ይሰማል፤ ከሳሎቹ አንዱ የአባቷ ነው።

«አባባ የከለከለኝ ሴት ልጁ መድረክ ወጣች እንዳይባል ነው» አለች። «ይህን ጺም አይቶ ሴት ልጅ የሚል ካለ አምጡልኝ።» ዳኛ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ይመስላል። እኛ ልንስቅ አልን፤ መምህራችን ግን አልሣቁም። ቢያውቁሽስ ብለው ጠየቋት።

«ካወቀኝማ ከእናንተ ጋር አልመለስም።» ካባውን ከትከሻዬ ገፍፋ ደረበችው። «ግን ያን ሁሉ ዓመት መተንፈስ የተማርሁት መጋረጃ ኋላ ቁጭ ብዬ ለሌላ ሰው ቃል ላስታውስ ነው?»

መምህራችን ጺሙን ከእኔ ፊት ፈትተው ከነጭራው ለእሷ ሰጧት። እኔም በእሷ ቦታ፣ መጋረጃ ኋላ፣ ጽሑፌን ይዤ ተቀመጥሁ።

መጋረጃው ተከፈተ። ወንድማማቾቹ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ይልማ ጥግ ላይ ተከናንቦ ይነፋረቃል። ዳኛው ገባ። ገባች ልበል? አይ፣ ገባ። ያቺ አጭር ልጅ አልነበረችም። ዝግ ብሎ፣ መሬቱ የእሱ ርስት እንደሆነ ሰው እየረገጠ መጣ። ወንበሩን በጭራው መታ መታ አደረገ። ተቀመጠ። ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ።

አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። ከዚያ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሣቀ። እኔ ነገሩ አልገባኝም፤ «የፍትሕ ፀሐይ» ገና አልተነገረ፣ ምን ያሥቃል?

«በሉ እንግዲህ የኔ ጌቶች» አለ ዳኛው። «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ አሉ። ሸጋ። ምነው ታዲያ፣ አንድ ጡት የጠባ አፍ እንዲህ ይነካከሳል?»

ይህ የእኔ ጽሑፍ ውስጥ የለም! ቃል ጠፋባት ብዬ፣ «እነሆ የፍትሕ ፀሐይ!» ብዬ አንሾካሾክሁ። አልሰማችም። ጠንከር አድርጌ ደገምሁት። ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ፣ «ማነው እዚያ ኋላ የሚያጉረመርም? ዝም አሰኙት እንጂ!» አሉ። ዝም አልሁ። ደራሲ በገዛ ቴአትሩ ዝም በል ሲባል ያየሁት በራሴ ነው።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ሰው ከዳኛው ወደ ፊት ረድፍ፣ ከፊት ረድፍ ወደ ዳኛው ዓይኑን ያመላልሳል። ግራዝማችን ነበር የምትጫወተው። ያ የጭራው አያያዝ፣ ያ የጉልበት ማሸት፣ ሰው ሊቆጡ ሲሉ «የኔ ጌታ» ማለት፣ ሁሉም የአባቷ ነው። ልጅ ሆና ከችሎቱ ጥግ ተቀምጣ ስታይ ያደገችውን ሁሉ አመጣችው። ጎንደር በሙሉ አወቀው። ነጠላውን አፉ ላይ ያላደረገ፣ ጎረቤቱን በክርኑ ያልጎሸመ አልነበረም። ያላወቀ አንድ ሰው ብቻ ይመስል ነበር፤ እሱም ግራዝማች ናቸው። እሳቸው አልሣቁም። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ከዳኛው ጋር አብረው ይዳኛሉ። ዳኛው ሲጠይቅ ይነቀንቃሉ፤ ተከሳሹ ሲያድበሰብስ ይቆጣሉ።

ወንድማማቾቹም መጀመሪያ ደንግጠው ነበር፤ ቆይተው የጻፍሁላቸውን ትተው እንደ ሰው መናገር ጀመሩ። ታላቅየው መሬቱን ያቀናሁት እኔ ነኝ ብሎ ተንደረደረ። ዳኛው፣ «አርሰሃል፤ ሸጋ። ስታርስ ወንድምህ የት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ግራዝማች አልቻሉም። ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ዋስ ይጥራ! ዋስ ሳይጠራ አታናግረው!» ብለው ጮኹ።

ዳኛው ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ። ጭራውን አነሣ።

«የኔ ጌታ» አለ። «በዚህ ችሎት ሳይጠየቅ የሚናገር የለም። ይቀመጡ።»

ሣቁ ሁሉ እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀረ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። አለቀ፣ አልሁ በልቤ፤ ደባርቅ፣ ሠርግ፣ ድግስ። ዓይኔን ስገልጥ ግራዝማች እንደ ቆሙ ናቸው። ዳኛውን ያዩታል፤ ዳኛውም ያያቸዋል። ጭራው ትንሽ ትንሽ ይርገበገባል።

«ልክ ነው ጌታዬ» አሉ ግራዝማች። «ጥፋቱ የእኔ ነው።» ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ቃል ያጥረኛል፤ ለእኔ ደግሞ ቃል አጠረኝ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ዳኛው ወንድማማቾቹን ሰምቶ ጨረሰ። በእኔ ጽሑፍ እዚህ ላይ ለታላቅየው ይፈርድና ስለ ፍትሕ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ዳኛው ግን ተነሣና ወደ ጥጉ ሄዶ ይልማ ፊት ቆመ።

«አንችስ እመቤት?» አላት። «ምን ትያለሽ?»

ይልማ ድርቅ አለ። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቃል የለው፤ ምን ይበል? ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ወደ እኔ ያያል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ባገላብጥ የጻፍሁላት «ታለቅሳለች» ብቻ ነው። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። በመጨረሻ ይልማ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም» አለ። ከኋላ ከሴቶቹ ረድፍ፣ «እውነቷን ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንድ አልነበረም፤ ብዙ ነበር።

«ሰማችሁ?» አለ ዳኛው ወደ ወንድማማቾቹ ዞሮ። «ርስት የአባት ነው። አባት ደግሞ ሴት ልጁንም ወልዷል። ለሦስት ተካፈሉ።» ፍርዱ ይኸው ነው። ፀሐይ የለበት፣ ጽልመት የለበት። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። እኔም ሳላውቀው ወረቀቱን ጥዬ ሳጨበጭብ ራሴን አገኘሁት። ሰው በሚያፈቅረው ሥራ ከእሱ የሚበልጥ ሰው ሲያይ ሁለት ነገር ያደርጋል ይባላል፤ ወይ ይቀናል፣ ወይ ያጨበጭባል። ሁለቱን ባንዴ ማድረግ እንደሚቻል ያን ዕለት አወቅሁ። ግን ጭብጨባው በዛ።

መጋረጃው እንደ ተዘጋ ግራዝማች ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው ከኋላ መጡ። ውባለም ጺሟን አላወለቀችም፤ ጊዜም አላገኘች። ግራዝማች ፊቷ ቆሙና ለዳኛ የሚገባውን ያህል እጅ ነሱ።

«ሸጋ ፈረድህ» አሉ። «የማን ልጅ ነህ?»

ሁላችንም ትንፋሻችን ቆመ፤ ያ ሁሉ የመተንፈስ ትምህርት ከንቱ ሆነ። ውባለም ዓይኗን ሳትሰብር፣ በራሷ ድምፅ፣

«የግራዝማች ድረስ» አለች።

ግራዝማች እጃቸውን ዘርግተው ወደ ግራ የዞረውን ጺሟን አቃኑት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «እኔ እንዲህ ነኝ?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ጣራውን አየ፤ ሌላው የጫማውን ክር ያስር ጀመር። «እንዲህ ነኝ ወይ፣ ብያለሁ!»

«ነህ» አሏቸው አንድ አዛውንት፤ አብሮ አደጋቸው መሆን አለባቸው። «እንዲያውም አሳንሳሃለች።»

ግራዝማች ሌላ አልተናገሩም። ነገ ጠዋት ቁርስ እኔ ቤት ነው፣ ሁላችሁም ኑ ብለው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ቁርስ ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ? መምህራችን ያን ሌሊት አልተኙም፤ ከተማ እንኳ በሌለው ድምፁ ሲጸልይ አደረ።

ጠዋት ሄድን። የጫነን ማኪና ከቁርስ በኋላ ይነሣል። ውባለም ከጓዳ ወጥታ ሰላም አለችን፤ ከፊቷ ምንም አይነበብም። መልሳ ገባች። ግራዝማች እየጎረሱ፣ እያጎረሱን፣ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ያወጋሉ። መምህራችን በመጨረሻ ጨክነው ስለ ትናንቱ ይቅርታ ሊጠይቁ ጀመሩ። ግራዝማች በእጃቸው አቆሟቸው።

«ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ» አሉ። «ከቤቴ እስከዚያ ድረስ ያገኘኝ ሰው ሁሉ፣ ግራዝማች ትናንት መድረክ ወጡ አሉ፣ እያለ ሲሥቅብኝ ነው የቆየ። ሴት ልጅህ ወጣች ያለኝ አንድም ሰው የለም። እኔ ደግሞ የከለከልሁት እሷን እንጂ ራሴን አይደለም። ስለዚህ የተላለፈችው ነገር የለም፤ ትመለስና ትማር።» ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። እጃቸውን እንዳየንባቸው ባወቁ ጊዜ ቶሎ አነሡት።

ደስታችንን ገልጠን ሳንጨርስ አንዲት ሴት ከበር ገባች። ከከተማው ዳር፣ ከፀዳ ነው የመጣችው፤ እግሯ አቧራ ለብሷል፤ ከወንድሞቿ ጋር በርስት የተጣላች መሆኗን ቆማ ተናገረች። ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ፤ ጭራቸውን አነሡ፤ እኛን እንግዶቹን አየት አደረጉን።

«ሸጋ ቦታ መጥተሻል» አሏት። «ተናገሪ፣ እሰማሻለሁ።»

ሴትዮዋ እጅ ነሳች። «አይ፣ እርስዎን አይደለም ጌታዬ፣ አይቀየሙኝ» አለች። «ያን ትናንት አዳራሽ ውስጥ የነበረውን ዳኛ ነው የምፈልግ። እኅቲቱን የጠየቃትን።»

የያዝሁትን ጉርሻ መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ግራዝማች ሴትዮዋን አዩዋት፤ ጭራቸውን አዩት፤ ጉሮሯቸውን አንድ ጊዜ ጠረጉና ወደ ጓዳው ዞረው ተጣሩ፦

«ውባለም! ጺምሽን አድርጊና ነይ!»